በቀን አንድ ፊደል

ሳልጌ ቱዱ የታላቅ ወንድሜ ሚስት ነበረች። «ሂሊ» እላት ነበር፤ የታላቅ ወንድም ሚስት እንደዚያ ነው የምትባለው። ሂሊና የባል ታናሽ ወንድም ሲቀላለዱ ቢውሉ በእኛ አገር የሚቆጣቸው የለም። እንዲያውም ዝም ከተባባሉ ተጣልተዋል ተብሎ ሽማግሌ ይላካል። እኛ ሽማግሌ አላስቸገርንም። በሠርጓ ሰሞን ውሃ ብላ የሩዝ እጣቢ አጠጣችኝ፤ እኔም ማበጠሪያዋን ወስጄ የዶሮ ቆጥ ላይ ሰቀልኩት። ፀጉሯን ሳታበጥር ውላ አመሻሽ ላይ ስታገኘኝ፣ «ዋርሳዬ፣ ዶሮዎችህ ዛሬ አምሮባቸዋል» ብቻ አለችኝ። ያን ቀን ወደድኳት፤ ቤታችን ሰው ገባ አልኩ።

ከባሏ ከብሃድሮ ጋር ግን ሌላ ነው። ሚስት የባሏን ስም አትጠራም፣ ባልም የሚስቱን። ልጅ ያላቸው «የእገሌ አባት»፣ «የእገሌ እናት» ተባብለው ይገላገላሉ። ሂሊ ሳልጌ ልጅ አልወለደችም። ስለዚህ ወንድሜ ዕድሜውን ሁሉ «አንተ» ነበር፣ «እሱ» ነበር፣ ሲከፋት ደግሞ «የዚህ ቤት ምሰሶ» ነበር። ማሳ ላይ ሆኖ ልትጠራው ስትፈልግ ታጨበጭባለች። አንድ ጊዜ ራይራንግፑር ገበያ ውስጥ ተጠፋፍተው፣ በርበሬ ሻጮቹ መሃል ቆማ ስታጨበጭብ ሦስት ወንዶችና አንድ ውሻ መጡላት። ብሃድሮ ግን ማዶ ሆኖ የዓሣ መረብ እያየ ነበር። ይህን ታሪክ እኔ በየሠርጉ ሳወራው ኖሬያለሁ፤ እሷም በየሠርጉ በጡጫ ስትደልቀኝ ኖራለች።

ከሁላችን በላይ ያለው ታላቃችን ደግሞ የሳርጆምዲ መንደር ማንጂ ነበር፤ ማንጂ ማለት የመንደሩ አለቃ ነው። የባል ታላቅ ወንድም ለሴት ከእሳት ይብሳል። አትነካውም፣ ከእሱ ጋር አንድ አልጋ ላይ አትቀመጥም፣ ስሙን አታነሳም። በእኛ ቤት እንዲያውም ፊት ለፊት አይነጋገሩም ነበር። አንድ ግቢ ውስጥ በጥቂት ክንድ ርቀት ተቀምጠው፣ እሱ «ሩዙ ጨው አንሶታል በላት» ይለኛል፣ እሷ «ጨው ካነሰው ጨው ይግዛ በለው» ትለኛለች። እኔ መሃል ሆኜ ሁለቱንም እሰማለሁ፣ እነሱም አንዱ የሌላውን ይሰማል፣ እኔ ግን መድገም አለብኝ። ወግ ነው፤ ወግ ደግሞ አይታክተውም።

ብሃድሮ ወጣትነቱን የጨረሰው ብረት በሚቆፈርበት ተራራ ላይ ነው። በዓመት አንዴ ለሶህራይ በዓል ይመጣል፣ ከብት ሲሸለምና ከበሮ ሲመታ ከርሞ ይመለሳል። በመጨረሻ አንድ ክረምት መጣና አልተመለሰም። ደረቱን እዚያው ትቶት ነበር የመጣው። ትንሽ ሲሄድ ያርፋል፣ ትንሽ ሲያወራ ይስላል። ሂሊ ሳልጌ የገመድ አልጋውን ከጓዳው ግድግዳ ጥግ አስጠጋችለት። ከዚያ አልጋ ብዙም አልተነሳም።

ከሶህራይ በኋላ ነው፣ ሩዙ ታጭዶ ወደ ቤት ገብቷል። አጠገቡ ተቀምጬ የማረሻ ገመድ እገምዳለሁ።

«አንተ ልጅ» አለኝ፣ ሽበቴን እያየ ነው «ልጅ» የሚለኝ፣ «ስሜን ታውቀዋለህ?»

«ትኩሳቱ ተነሳብህ እንዴ?»

«አይደለም። ተኝቼ ሳስብ ነበር። ስሜን የሚጠራ ሰው አለ ወይ ብዬ። እናታችን ነበረች፤ ሞተች። አባታችንም ሞተ። አንተ ‹ጋሼ› ትለኛለህ። ታላቃችን ሁለታችንንም ‹ታናሼ› ነው የሚለን፤ ማንን እንደጠራ የምናውቀው ዓይኑን አይተን ነው።» ሳቀና ሳል ያዘው። ሲለቀው ቀጠለ። «ማዕድኑ ላይ ያለው ሹም ይጠራኝ ነበር፤ እሱም እያጣመመ። ልጅ ቢኖረኝ የልጄ የበኩር ልጅ ስሜን ይወስድ ነበር፤ ወጉ እንደዛ ነው። እሱም የለኝም። እንግዲህ ስሜ ከእኔ በፊት ሞቷል ማለት ነው።»

የእኔ ሁለቱም ልጆች ሴቶች ነበሩ፤ ወንድ ቢኖረኝ ተራው ደርሶ ስሙን እሰጠው ይሆን ነበር። «ዝም ብለህ ተኛ» አልኩት፣ ሰው የሚናገረው ጥሩ ነገር ሲያጣ እንደሚለው። ሂሊ ሳልጌ በሩ ላይ ሆና ባቄላ ትፈለፍል ነበር። እጇ ቆሟል። ቀና ብላ ግን አላየችንም። በማግስቱ እኔ ወደምማርበት ፊደል ቤት መጣች።

ፊደል ቤት ስል ቤት የለውም። ከመንደሩ ዳር ያለው የማትኮም ዛፍ ሥር ነው። ጂትራይ ሶረን የሚባል ከወንዝ ማዶ የመጣ ወጣት፣ አንዲት ስስ መጽሐፍ ይዞ፣ መሬቱን በእጁ ደልድሎ በስንጥር እየጻፈ ያስተምራል። ለቋንቋችን የራሱ ፊደል የተሠራለት ከዚያ ዓመታት ቀደም ብሎ ነው፤ የሠሩልንም እዚሁ በአውራጃችን በመዩርባንጅ የተወለዱ መምህር ናቸው። ከዚያ በፊት የእኛ ነገር የሚጻፈው በተውሶ ነበር። አንዱ ክፍለ ሀገር በአንዱ ጎረቤት ፊደል፣ ሌላው በሌላው፣ ሚስዮኖቹ በራሳቸው። የተዋሱት ልብስ ደግሞ ትከሻው ሲገጥም እጅጌው ይጠባል። ጉሮሯችን ውስጥ ቆረጥ አድርገን የምንውጣቸው ድምፆች በአንዱም ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም። መጻሕፍቱ ጥቂት ስለነበሩ ከመንደር መንደር የሚደርሱት እንደ ጂትራይ ባሉ ልጆች እግር ነው።

የአዲሱ ፊደል ደስ የሚለው ነገር፣ ፊደላቱ ሁሉ የምናውቃቸው ነገሮች መሆናቸው ነው። አንዱ ማረሻ ነው፣ አንዱ ማጭድ፣ አንዱ እንጉዳይ፣ አንዱ የሚበር ንብ። ወደ ራሱ የሚጠቁም ሰው አለ፣ በሁለት እጁ የሚቀበል ሰው አለ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ላይ ሲያልፉ ያሾፉብን ነበር። «ማረሻው ቤትህ አለ፣ ማጭዱም አለ፤ የማረሻ ሥዕል ልታርስበት ነው?» ይሉናል። እኛም ጆሮ ዳባ ልበስ ብለን እንቀጥላለን።

ሂሊ ሳልጌ መጀመሪያ ቀን መጥረጊያዋን እንደያዘች መጥታ ከኋላ ተቀመጠች፤ ልትጠርግ የመጣች አስመስላ። የእሷን እጅ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። በየሶህራዩ ግድግዳ ስትለቀልቅ፣ በነጭ አፈርና በቀይ አፈር የምትስላቸው አበቦችና የፒኮክ ወፎች ከሌላ መንደር ሰው ይጠሩ ነበር። ስለዚህ ቅርጹ ቀድሞ እጇ ገባ፣ ድምፁ ቀስ ብሎ ተከተለ። እኔ ከእሷ ብዙ ቀድሜ የጀመርኩት ሰውዬ ብዙም ሳይቆይ ኋላ ቀረሁ። ትከሻዬ ላይ ዘንበል ብላ የጻፍኩትን ታይና፣ «ዋርሳዬ፣ ይቺ ማጭድ ጎብጣለች፤ ልታጭድባት ነው ወይስ ጀርባህን ልታክባት?» ትለኛለች።

አንድ ቀን ጂትራይ ተማሪዎቹ እንዲነቁ ብሎ የመንደሩን ሰዎች ስም መጻፍ ጀመረ። አንዱን ስም ይጽፋል፣ አንዱን ተማሪ ያስነሳል፣ ስሙ ሲነበብ ባለ ስሙ ይሳቅበታል። የሌላ መንደር ሰው ነውና ማን የማን ሚስት እንደሆነች ገና አልለየም። ሕመምተኛውን ጠይቅ ተብሎ በዋዜማው ሂሊ ሳልጌ በሌለችበት ቤታችን መጥቶ ነበርና፣ ከራሱ ከወንድሜ አፍ የሰማውን ስም መሬቱ ላይ ጻፈው። ከዚያም ስንጥሩን ወደ ሂሊ ሳልጌ አመለከተ።

«እናቴ፣ እስቲ አንቺ አንብቢው።»

አየችው። ማንበቧን ፊቷ ላይ አይቻለሁ። ወዲያው የልብሷን ጫፍ አፏ ላይ ጣል አደረገች።

«አይዞሽ፣ ሁሉንም የምታውቂያቸው ናቸው» አለ ጂትራይ፣ ከብዷት መስሎት። «ይሄ የተጠቀለለ ፀጉር ነው፣ ይሄ የሚወረውር እጅ ነው… ጮክ ብለሽ በዪው።»

«አልልም።»

«ለምን አትይም?»

«አልልም አልኩህ እኮ።»

ከኋላችን አክስት ዱምኒ ነበረች። የአባታችን የአጎት ልጅ ናት፤ ወግ ሲፈርስ ከሩቅ የምትሰማ ጆሮ አላት። «የኔ ልጅ» አለችው ለጂትራይ፣ «የአንተ እናት አባትህን በስሙ ነው የምትጠራው? ወይስ ወንዝ ማዶ ወግ አልተሻገረም?» ተማሪው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ጂትራይ ጉዱ ገባውና ስሙን በእግሩ አጠፋው፤ ጎንበስ ብሎም መሬት ነክቶ ይቅርታ ጠየቃት። ሂሊ ሳልጌ ግን አልሳቀችም፣ አልተቀየመችም። ስሙ የጠፋበትን ቦታ እያየች ቀረች።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ቆመች።

«ዋርሳዬ፣ አየሁት እኮ።»

«ምኑን?»

«ስሙን ነዋ። ይህን ሁሉ ዓመት አብሬው ኖሬ ዛሬ ገና ስሙን አየሁት። ከአፌ አልወጣም፤ ዓይኔ ውስጥ ግን ገብቷል። ለዓይን ነውር አለው?»

«ስለ ዓይን የተባለ ነገር አልሰማሁም።»

«ስለ እጅስ?»

«ስለ እጅም አልሰማሁም።»

«እንግዲያው ግድግዳው ላይ ልጽፍለት ነው። ያለውን ሰምቼዋለሁ፣ ያን ቀን። ስሙን ማንም ሳይጠራው ከሞተ እኔ ምኑ ነበርኩ? ሳይሞት ልጠራው እፈልጋለሁ። በአፌ ካልተቻለ በእጄ እጠራዋለሁ።»

እንባዋ መጥቶ ስለነበር አልቀለድኩባትም። አክስት ዱምኒ ግን ከኋላችን ነበረች። እኛ ቤት ሳንደርስ ወሬው ደረሰ።

በማግስቱ ማንጂው መንደሩን ሰበሰበ። በእኛ ዘንድ ነገር የሚታየው መንደሩ መሃል በሚያልፈው ጎዳና ላይ፣ በማንጂው ደጅ ፊት ተቀምጦ ነው። አክስት ዱምኒ ተነሳች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ የፈራችው ከልቧ ነው።

«የባል ስም የማይጠራው» አለች፣ «አፍ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ስሙ ክቡር ስለሆነ ነው። እኔ የሞተውን ባሌን እስከ ዛሬ ‹እሱ› ነው የምለው። አሁን ግድግዳ ላይ ሰቅላው፣ ላምም ዶሮም እያየው ይዋል?»

«ዶሮ ማንበብ ከጀመረችማ እኔም ፊደል ቤት እገባለሁ» አለ አንዱ። ሌላው ደግሞ፣ «የተጻፈ ነገር ከተነገረ ነገር ይብሳል፤ የተነገረ ይረሳል፣ ይሄ ዓመት ከዓመት ይጮሃል» አለ። ይህን ሲሰማ ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ እየከፋ ሄደ።

ማንጂው ወደ እኔ ዞረ። «ለምን እንደምትፈልገው ጠይቃት።»

እሷ እኔ አጠገብ ነው የተቀመጠችው። «ስሙን የሚጠራ ሰው ስለሌለው ነው በለው» አለች።

«ስሙን የሚጠራ ሰው…» አልኩ።

«ሰምቻለሁ» አለ ማንጂው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጨርስ አቋርጦኝ። ድምፁ ተለወጠ። ወንድሙ ነው፤ እሱም «ታናሼ» እያለ ስሙን ከረሱት አንዱ ነው። ጂትራይን አስጠራና፣ «እዚህ ጎዳናው ላይ ጻፈው» አለው። ጂትራይ በስንጥሩ ጻፈ። ማንጂው ፊደል አያውቅም። ተነስቶ ዞሮ ዞሮ አየው፤ ከዚያ፣ እውነቴን ነው፣ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን መሬት ላይ አደረገ።

«ዝም ብሏል» አለ ሲነሳ። «ምንም አልሰማሁም። የማይጮህን ነገር ጮኸ ብዬ አልፈርድም። የሚጮኸው አንባቢው ነው። እንግዲህ ትጻፍ። ግን ከአፏ እንዳይወጣ፤ ያነበበችው ቀን ለመንደሩ ፍየልና የሩዝ ጠላ ትከፍላለች።»

ሰው ሲበተን እጄን ይዞ ወደ ጎን ወሰደኝ። ፊቱን ወደ ከብቶቹ አዙሮ፣ «ቶሎ ትጻፍ በላት» አለኝ። «ጊዜ የለውም።»

በዚያው ቀን ጻፈችው። ለሶህራይ የሣለችው ፒኮክ ገና ትኩስ ነበር፤ በላዩ ላይ ነጭ አፈር ለቀለቀችበትና ከአልጋው ጎን ያለውን ግድግዳ ባዶ አደረገችው። ከዚያ ስሙን በቀይ አፈር፣ እያንዳንዱን ፊደል እንደ ሳህን አሳክላ ጻፈችው። ብሃድሮ ተኝቶ ያያታል፤ ጎዳናው ላይ የተባለውን ማንም አልነገረውም።

«ምንድን ነው?» አላት።

«ጽሑፍ ነው።»

«ምን ይላል?»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የመጣው። ሂሊ ሳልጌ እጆቿ ቀይ እንደሆኑ ቆመች። ጽፋዋለች፤ ልታነብለት ግን አትችልም። ፍየሉን ፈርታ አይደለም። በልጅነቷ እናቷ ያስተማረቻት ነገር አፏን ዘግቶት ነው።

«እኔ አልልህም» አለችው በመጨረሻ።

«ታዲያ ማን ይበለኝ?»

«አንተ ራስህ።»

«እኔ ማንበብ የት አውቄ?»

«አስተምርሃለሁ።»

ወደ ውጭ ስትወጣ ተከተልኳት። «ሂሊ፣ ነገሩን ለምን እናጓትታለን? እኔ እነግረዋለሁ። ታላቄ ነው፣ እኔም በፊቱ ስሙን አልጠራውም፤ ግን ለአንድ ቀን ብደፍር ሰማይ አይወድቅም።»

«አንተ ከነገርከው የአንተ ነው የሚሆነው» አለችኝ። «እኔ እንድጠራው ነው የምፈልገው።» እንዲህ ካለች የሚመልሳት አልነበረም።

እንግዲህ ዘዴዋን ስሙት። ፊደላቱን አንድ በአንድ ድምፃቸውን ልትነግረው ትችላለች፤ የአንድ ፊደል ድምፅ የማንም ስም አይደለም። ነገር ግን ሁለቱ፣ ሦስቱ በአንድ ቀን ከአፏ ከወጡ ስሙ መገጣጠም ይጀምራል ብላ ፈራች። ስለዚህ በቀን አንድ ፊደል ብቻ ልታስተምረው ወሰነች፤ እሱንም ከመሃል ጀምራ፣ ተራውን አዘበራርቃ። አክስት ዱምኒ ደግሞ ማንም ሳይሾማት ጠባቂ ሆነች። በየጠዋቱ ሳርጆም ከሚባለው ዛፍ የለቀመችውን ሰፋፊ ቅጠል ይዛ መጥታ ደጃፉ ላይ ትቀመጣለች፣ ቅጠሉን በስንጥር እየሰፋች ሳህን ትሠራለች፣ ጆሮዋ ግን ጓዳ ውስጥ ነው።

በመጀመሪያ ቀን ዶማውን አሳየችው። «ይሄ በዶማ የሚቆፍር ሰው ነው» አለችው፤ ድምፁን ነገረችው፤ አበቃ። በሌላው ቀን እንጉዳዩን። ብሃድሮ እንጉዳዩን ሲያይ ደስ አለው። «ከዝናብ በኋላ ምስጥ ኩይሳ ላይ የምንለቅመው» አለ፣ «ሽታው ራሱ መጣብኝ።» ማጭዱን በቀላሉ ያዘው። እሳቱን ሁለት ጊዜ ረሳው። ትኩሳት የሚያይልበት ቀን ትምህርት የለም፤ ሂሊ ሳልጌ እርጥብ ጨርቅ ግንባሩ ላይ እያደረገች ትውላለች። ማንጂው ደጅ መጥቶ ይቆምና፣ «ስንት ቀረው በላት» ይለኛል። እሷም ከውስጥ፣ «ጥቂት ነው በለው» ትለኛለች። እየተጨነቀ ይሄዳል።

አንድ ጠዋት ደም ሳለ። ጨርቁን ልትደብቅ ስትል እጇን ያዛት።

«ለምን ዛሬ ጨርሰሽ አትነግሪኝም? እያየሽ ነው እኮ፣ ጊዜ የለኝም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ቢቻለኝማ በአንድ ትንፋሽ ነበር የምልህ» አለችውና አልጋው ጠርዝ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እሱም ፀጉሯን እየዳበሰ ቆየ። አክስት ዱምኒ ደጅ ላይ ቅጠሏን መስፋት አቁማ ነበር። ያን ቀን ገና ምንም ፊደል አልተነገረም ነበርና ሂሊ ሳልጌ እንባዋን ጠርጋ የሚወረውረውን እጅ አስተማረችው።

የመጨረሻ ያስቀረችው የስሙን መጀመሪያ ነው፤ የተጠቀለለ ፀጉር ነው ቅርጹ። እሱን ለማስተማር ወደ ግድግዳው አልጠቆመችም። የወንድሜን ራስ ዳበሰችው፤ የቀረው ፀጉር ጥቂትና ሸበቶ ነው። «ይሄ ያገባኸኝ ጊዜ የነበረህ ፀጉር ነው» አለችው። ድምፁን በጆሮው ነገረችው።

ከዚያ እኔም እሷም ጠበቅን። ብሃድሮ ግድግዳውን እያየ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄድና ይመለሳል፤ ዶማው ላይ ሲደርስ ይጠፋዋል፣ እንደገና ይጀምራል። ረጅም ጊዜ ሆነ። ልረዳው አፌን ስከፍት ሂሊ ሳልጌ በዓይኗ ገረፈችኝ።

«ብ…ሃ…» አለ። አረፈ። «ብሃድ…» ሳል ሊመጣበት ሲል ዋጠው። «ብሃድሮ።»

ወደ እሷ ዞረ። «እኔ ነኝ እንዴ?»

«አንተ ነህ።»

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ጠርተሽኛል።»

«ጠርቼሃለሁ» አለች።

«አቤት» አላት።

በዕድሜዬ ብዙ ሰው ሲጠራ «አቤት» ሲል ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ አልሰማሁም። አክስት ዱምኒ ቅጠሎቿን ሰብስባ ተነሳች። «እኔ ምንም ነውር አልሰማሁም፤ ለማንጂው ንገረው» አለችኝና ልብሷን ጎትታ ወደ ቤቷ ሄደች። ሁለተኛ ለጥበቃ አልመጣችም፤ ስትመጣ ሾርባ ይዛ ነበር።

ወንድሜ ግን በዚህ አልረካም። በማግስቱ ሂሊ ሳልጌ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ጠብቆ ጠራኝ። «የእሷንስ?» አለኝ። እሱም የእሷን ስም መጥራት አይችልም፤ ሕጉ ለሁለቱም ነው። ከእሷ ስም ውስጥ የሚያውቀው ዶማውን ብቻ ነበር። የቀሩትን እኔ አስተማርኩት፤ ማረሻውን፣ ብዕሩን፣ አፉን፣ መጨረሻ ላይ ያለውን ሞልቶ የሚፈስ ወንዝ። በእኔ ላይ የሚጠብቅ ሰው ስላልነበረ በአንድ ቀን ጨረስን። መጻፉ ነው የከበደው። ቀይ አፈሩን በቅል እይዝለታለሁ፣ እሱ ጣቱን ነክሮ ከራሱ ስም በታች፣ ተኝቶ እጁ በሚደርስበት ላይ ይስላል። አንድ ፊደል ከጻፈ ያን ቀን ሌላ አይችልም።

ሂሊ ሳልጌ ማረሻውን ባየች ቀን ምን እንደሆነ ገባት። ውሃ ልቅዳ ብላ መውጣቷን ብቻ አበዛች፤ እንስራው ሞልቶ እያለ ትወጣ ነበር።

የሳርጆም አበባ ሊፈነዳ፣ የአበባው በዓል ባሃ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አፉን የሚያሳየውን ፊደል ጻፈ። «ነገ ወንዙን እጽፋለሁ» አለኝ። በማግስቱ ጠዋት አልነቃም። ሂሊ ሳልጌ እጁን ይዛ አገኘናት፤ ጣቱ ላይ ቀይ አፈር ነበረ፤ እንዳይታጠብ ለመነችን። እንደዚያው፣ በወጋችን አስከሬኑን አቃጠልነው፤ አጥንቱንም በጊዜው ወደ ወንዝ ወሰድነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች። በየሶህራዩ ቤቱን ዙሪያውን ትለቀልቃለች፣ ፒኮኮቿን ትስላለች፤ ያቺን ግድግዳ ግን አትነካትም። የእሱ ስም በእሷ እጅ የተጻፈ፣ ከሥሩ የእሷ ስም በእሱ እጅ፣ ወላግዶ፣ መጨረሻው ጎድሎ። ፊደል ያወቁ ልጃገረዶች እየመጡ ያዩታል፤ በዚያን ጊዜ በመንደሩ ማንበብ የሚችል ብዙ ሆኖ ነበር። አንዷ የእኔ ትንሿ ልጅ ናት።

«እናቴ ሳልጌ» አለቻት አንድ ቀን፣ «አንዲት ፊደል ብቻ እኮ ናት የጎደለችው። አንቺ ከሁላችን አሳምረሽ ትጽፊያለሽ። ለምን አትጨርሺውም?»

ሂሊ ሳልጌ ቀና ብላ ግድግዳውን አየችው።

«እሱ እየጠራኝ ነው» አለቻት። «ሲጨርስ አቤት እለዋለሁ።»